ሊኑክስ ሚንት 22፣ ኤንቪዲያ ካርድና ሦስት ስክሪን፦ ጅማ ላይ ስሠራበት ያየሁት

ፍርዴን ላስቀድም። ኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሞኒተር ጨምሮ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 ጥሩ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጠቅ አድርጋችሁ ትጭናላችሁ። የትኛው ሞኒተር በቀኝ፣ የትኛው በግራ እንዳለ ያስታውሳል። እንከን አለው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን "ሊኑክስና ኤንቪዲያ? ተይው ባክሽ፣ ራስሽን አታድክሚ" የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል።

ምክሩ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። የሊኑክስን ከርነል (የስርዓቱን እምብርት) የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ኤንቪዲያን በስድብ አጥረግርጎታል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው። ያኔ ካምፓኒው የካርዶቹን የውስጥ አሠራር ለሊኑክስ ሰዎች አይሰጥም ነበር። በ2022 ግን የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ኮድ ከፈተ። የተከፈተው ቱሪንግ ከሚባለው የካርድ ትውልድ ወዲህ ላሉት ነው። የኔ ጂቲኤክስ 1650 ከነዚህ አንዱ ነው።

ሥራዬ የቡና ማሳ ካርታ ነው። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳ ወረዳዎች በስልክ ጂፒኤስ የተሰበሰበ መረጃ ይመጣልኛል። ኪውጂአይኤስ በሚባል የካርታ ፕሮግራም ላይ ከፍቼ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያየዋለሁ፤ የተሳሳተውን ድንበር አስተካክላለሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በትክክል መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ተከብቦ መሳል አለበት። ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡም ቢያንስ 6 የአስርዮሽ አሃዝ ይፈልጋል። ስድስተኛው አሃዝ በመሬት ላይ ሲለካ ከአሥር ሴንቲሜትር ገደማ አይበልጥም።

እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ትንሽ ስክሪን ላይ ዓይን ያጠፋል። ካርታውን ስታዩ ሰንጠረዡ ይሸፈናል። ሰንጠረዡን ስትከፍቱ ካርታው ይጠፋል። የኛ አካባቢ ቡና ደግሞ የሚበቅለው በጥላ ዛፍ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ማሳውና ጫካው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ድንበሩን ለመለየት ምስሉን ትልቅ አድርጎ ማየት ግድ ነው።

አንድ ጊዜ ከቡና ገበሬዎች ማኅበር ሰዎች ጋር አንድ አዛውንት ገበሬ ቤቴ መጡ። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ" ብዬ ትልቁ ሞኒተር ፊት አስቀመጥኳቸው። ምስሉን ቀስ እያልኩ ስጎትት ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። "ወንዙ እዚህ ይታጠፋል አይደል? እሷ ዋንዛ ናት። ከዋንዛዋ ወዲህ የኔ ነው፣ ከዋንዛዋ ወዲያ የወንድሜ።" በስልክ የተሰበሰበው መስመር ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ ነበር። እሳቸው እያሳዩኝ አስተካከልነው። በላፕቶፑ ስክሪን ቢሆን ያቺ ዛፍ ከጎረቤቶቿ ተለይታ አትታይም ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ላፕቶፑ ባለ 15.6 ኢንች ነው፤ የኢንቴልም የኤንቪዲያም ግራፊክስ አለው። ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ተሰክቷል። ሌላው አሮጌ ባለ 19 ኢንች ነው፤ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። እሱን ከዩኤስቢ ሲ ወደ ቪጂኤ በሚቀይር አዳፕተር ነው የማገናኘው። ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ግን ምስል አያወጣም። ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ወይም የመብረቅ (ተንደርቦልት) ምልክት እንዳለ እዩ፤ ምልክት ከሌለው የሞዴሉን ዝርዝር አንብቡ። ዳታ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አዳፕተሩ ምንም አይጠቅማችሁም።

ሲናመን የሚባለው የሚንት 22 ዓይነት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ጅማ ላይ ብዙ ሰው ከጓደኛ በፍላሽ ይቀበላል፤ ዳታ ይቆጥባል። ግን ፋይሉ እንዳልተነካ በቼክሰም፣ ማለትም በማረጋገጫ ቁጥሩ፣ አረጋግጡ። በየካቲት 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ የተበከለ ፋይል ለሰው ደርሶ ነበር። ገንቢዎቹ ወዲያው አሳውቀው አስተካከሉት። የማረጋገጫ ቁጥሩን ከድረ ገጹ ወስዶ ማስተያየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ፋይሉ ከጓደኛም ቢመጣ ልፋቱ አይበዛም።

ከፍላሹ ስታስነሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ። ማሽኑን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱና ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ምረጡ። ያኔ ስርዓቱ የግራፊክስ ካርዱን በልዩ መንገድ ለማስነሳት አይሞክርም፤ በቀላሉ ምስል ብቻ ያወጣል። ጭናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ትክክለኛውን ድራይቨር ታስገባላችሁ።

ከመጀመሪያው የምታገኙት ድራይቨር ኑቮ ይባላል። ካምፓኒው ሳይረዳቸው በጎ ፈቃደኞች የካርዱን አሠራር መርምረው የጻፉት ነው። ለሰዎቹ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ከ2014 ወዲህ ኤንቪዲያ ካርዶቹ የራሱ ፊርማ ያለበትን ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ብቻ እንዲቀበሉ አደረገ። በዚህ ምክንያት ኑቮ በብዙ ካርዶች ላይ ፍጥነቱን እንደ ልቡ ከፍ ማድረግ አይችልም። ምስል ያወጣል። ለሦስት ስክሪን የሥራ ቀን ግን አይመችም።

የሚንት ትልቁ ጸጋ ድራይቨር ማኔጀር ነው። ትከፍቱታላችሁ፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ካርዳችሁን ያሳያችኋል። ከሥሩ የሚመከረው ድራይቨር ተለይቶ ይቀመጣል። የኔ ላይ 550 ነበር የሚለው። መርጣችሁ አፕላይ ማለት ነው። ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚያወርድ መብራትና ኔትወርክ አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት ጀምሩት። እኔ ማታ አስጀምሬ እተኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን ታይምሺፍትን ከፍቼ የስርዓቱን ቅጂ አስቀምጣለሁ። ነገሩ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ሁኔታ ይመልሰኛል። ታይምሺፍት አብሮ ተጭኖ ነው የሚመጣው።

ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ቀጥታ አውርዶ በእጅ የመጫን ልማድ አለ። እኔ አልመክርም። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር መገጣጠም አለበት። ከርነሉ በዝማኔ ሲቀየር በእጅ የተጫነው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጠዋት ስታስነሱት ጥቁር ስክሪን ይጠብቃችኋል። በድራይቨር ማኔጀር የገባው ግን ከዝማኔው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሰው በብዛት የሚሰናከልበት ሌላ ቦታ አለ። ላፕቶፓችሁ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ብዙ ሰው የሆነ ነገር ጽፎ ያልፋል። ያን ቃል ወረቀት ላይ ጻፉት። ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ አንድ ቁልፍ እንድትጫኑ የሚሰጣችሁ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው። ተጫኑና ኢንሮል ሞክ የሚለውን ምረጡ፣ ኮንቲኒው በሉ፣ የስ በሉ፣ ያወጣችሁትን ቃል አስገቡ፣ ሪቡት። አሥሩ ሰከንድ ካለፈ ስርዓቱ ምንም ሳይናገር ይነሳል፤ ድራይቨሩ ግን አይሠራም። "ጫንኩት፣ ምንም ለውጥ የለም" ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይገኛል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ኪውጂአይኤስ ተራውን ካርታ የሚስለው በፕሮሰሰሩ ነው እንጂ በግራፊክስ ካርዱ አይደለም። ስለዚህ የኤንቪዲያ ድራይቨር የጫንኩት ለፍጥነት ብዬ አይደለም። ላፕቶፔ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ፋብሪካ ላይ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ካርድ ጋር ስለሆነ ነው። ካርዱ ካልነቃ ቀዳዳው ሬሳ ነው። ሞኒተሩን ብትቀይሩ፣ ኬብሉን ብትቀይሩ ለውጥ የለም። ሁለት ካርድ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች እንዲህ ናቸው።

የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። ድራይቨሩ ከገባ በኋላ ታች ፓነሉ ላይ የኤንቪዲያ ምልክት ትመጣለች። ጠቅ ስታደርጓት ሦስት ምርጫ ታሳያችኋለች። አንዱ ኢንቴልን ብቻ የሚጠቀም የኃይል ቁጠባ ነው። ሌላው በፍላጎት የሚባለው ነው፤ ኤንቪዲያ ሲጠራ ብቻ ይነሳል። ሦስተኛው ኤንቪዲያ ሁሉን እንዲሠራ ያደርጋል። ቁጠባውን ምረጡና ሪስታርት አድርጉ። ምስል ያጣው ቀዳዳ የኤንቪዲያ ነው። እኔ ጋ ኤችዲኤምአዩ ጠፋ፣ ዩኤስቢ ሲው ቀረ። ስለዚህ የኔ ሁለት ሞኒተሮች ከሁለት የተለያዩ ካርዶች ነው የሚነዱት። ሚንት ይህን ያለ ችግር ያስተናግዳል። በግሌ ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ስሠራ ሦስተኛውን ምርጫ እጠቀማለሁ። በፍላጎት የሚለውም ይሠራል። ግን ትልቁ ሞኒተር ላይ መስኮት ስጎትት ምስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ኢንቴሉ የሣለውን ለኤንቪዲያው ስለሚያቀብል ነው። አጋሮ ስወርድ ወይም መስክ ስወጣ ወደ ቁጠባው እመልሰዋለሁ። የባትሪው ልዩነት የሚታይ ነው።

አሮጌው ሞኒተር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ቅርጹ ወደ ካሬ የሚጠጋ ስለሆነ ለሰንጠረዥ በጣም ይመቻል፤ ብዙ ረድፍ ያሳያል። ትክክለኛ መጠኑ 1280 በ1024 ነው። ሚንት ግን 1024 በ768 ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ፊደሉ ወፍሮ፣ ጠርዙ ደብዝዞ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ድራይቨሩ ነው" አለኝ። ድራይቨሩ አልነበረም።

ሞኒተር ሲሰካ ስሙንና የሚችለውን መጠን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ቪጂኤ ላይ ይህ ወሬ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። አንዷ ከተበላሸች ምስሉ ይመጣል፤ ወሬው ግን አይመጣም። ኮምፒውተሩም ለማንም የሚሆን ትንሽ መጠን ይሰጣል።

መርካቶ ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ልጅ ጋ ሞኒተሩን ተሸክሜ ሄድኩ። "ሞኒተሩን ተይው እህቴ፣ እስቲ ኬብሉን አምጪው" አለኝ። የስልኩን መብራት አብርቶ የኬብሉን አፍ ወደ ራሱ አዞረ። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት ፒን። "ይቺ መሃል ላይ የጎደለችው ምንም አይደለችም" አለ። 9ኛዋ ናት፤ ብዙ ፋብሪካ አያስገባትም። ከዚያ የሦስተኛውን ረድፍ ጫፍ አሳየኝ። አንዷ ፒን ተኝታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። በወረንጦ ይዞ ቀስ አድርጎ አነሳት፣ ከጎረቤቷ ጋር አስተካከላት፣ ሁለቴ ሰክቶ ነቀለ። "አሁን ሞክሪው።" እዚያው ላፕቶፑን ከፈትኩ። 1280 በ1024 ዝርዝሩ ላይ መጣ። የልፋቱን ከፍዬ ወጣሁ። "ድራይቨሩ ነው" ብሎ ስርዓቱን በሙሉ እንደ አዲስ የሚጭንላችሁ ባለሙያ አይጠፋም። መጀመሪያ ኬብል የሚያይ ባለሙያ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑት።

ፒኗ ከሥሯ ተሰብራ ከሆነ ሌላ ኬብል ግዙ። አዳፕተሩ ራሱ ወሬውን የማያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ተርሚናል ላይ ሌላ መላ አለ። ሲቪቲ ለምትባል ትዕዛዝ ስፋትና ቁመቱን ስትሰጧት አንድ ረጅም መስመር ትመልሳለች። ያን መስመር ኤክስራንድር ለምትባል ሌላ ትዕዛዝ አስረክባችሁ መጠኑን በግድ ታስገባላችሁ። ይህ በኢንቴል በሚነዳ ቀዳዳ ላይ ይሠራል። በኤንቪዲያው ቀዳዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እሺ አይልም።

የስክሪኖቹ አቀማመጥ ላይ ብዙ አላወራም። ዲስፕሌይ የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ ሳጥኖቹን ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት ትደረድራላችሁ፤ ዋናውን ትመርጣላችሁ። አለቀ።

አሁን ወደ እንከኑ። ሚንት 22 ከመጀመሪያው የሚሠራው ኤክስ11 በሚባለው አሮጌ የማሳያ ስርዓት ላይ ነው። ኤክስ11 የተለያየ ጥግግት ያላቸውን ስክሪኖች ጎን ለጎን ማስተናገድ ይከብደዋል። የኔ ትልቁ ሞኒተር በአንድ ኢንች ወደ 92 ነጥብ አለው፣ አሮጌው ወደ 86፣ ላፕቶፑ ግን 141። ሁለቱ ሞኒተሮች ስለሚቀራረቡ ይስማማሉ። መስኮቱን ወደ ላፕቶፑ ስጎትተው ግን ፊደሉ ጥቃቅን ይሆናል። ለየስክሪኑ የተለያየ ማጉያ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ካርዱን ያደክማል፣ ፊደሉም ትንሽ ይደበዝዛል። እኔ ሁሉንም መቶ በመቶ ላይ ትቼ የፊደሉን መጠን ብቻ ከፍ አደረግኩ። ላፕቶፑ ላይ የማስቀምጠው ቴሌግራምና የተቃኙ ቅጾችን ብቻ ስለሆነ በቂ ነው። የ4ኬ ሞኒተር ከተራ ሞኒተር ጋር ልታደባልቁ ያሰባችሁ ግን ደግማችሁ አስቡበት። ኤችዲኤምአዩ 1.4 ከሆነ ደግሞ 4ኬውን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው። መዳፊቱ ሲንከረፈፍ ይታያችኋል።

ሁለተኛው እንከን ጅማ ላይ በተለይ የሚታይ ነው። እዚህ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናብና ነጎድጓድ ሲበረታ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፤ ሞኒተሮቹ ግን ይጠፋሉ። ያኔ መስኮቶቹ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይከመራሉ። መብራት ሲመለስ ሚንት የሞኒተሮቹን አቀማመጥ ራሱ ያስተካክላል። መስኮቶቹ ግን ወደ ቦታቸው አይመለሱም፤ አንድ በአንድ መጎተት ነው። ሥራ በበዛበት ቀን ይህ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ለሁለቱ ሞኒተሮች ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካገኘሁ ወዲህ አጭሩ መቆራረጥ አይነካኝም። ሞኒተር ብዙ ኃይል ስለማይበላ ትንሹም ይበቃዋል።

በዚህ አጋጣሚ የፊደል ጉዳይ። የቀበሌና የመንደር ስም በግዕዝ ፊደል ካርታ ላይ ስጽፍ አቢሲኒካ ሲል የሚባለውን ፎንት እጠቀማለሁ። ከሚንት የሶፍትዌር ማኔጀር በነጻ ይወርዳል። ስታትሙትም ጥርት ያለ ነው።

ካርዳችሁ ኤኤምዲ ከሆነ የድራይቨሩን ክፍል እርሱት። የኤኤምዲ አዲሱ ድራይቨር ከ2015 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ። ኢንቴልም እንዲሁ። ትጭናላችሁ፣ ሞኒተሩን ትሰካላችሁ፣ ይሠራል። አዲስ ላፕቶፕ ለሊኑክስ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነና የኤንቪዲያ የተለየ ጥቅም ከሌላችሁ ኤኤምዲ ግዙ። ኤንቪዲያ ያለው ላፕቶፕ በእጃችሁ ካለ ግን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም።

የዩኤስቢ ማስፋፊያ ሳጥን ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። አንዳንዶቹ ዲስፕሌይሊንክ በሚባል ቺፕ ነው ምስል የሚያወጡት። እነሱ ከኢንቴልም ከኤንቪዲያም የተለየ፣ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ከርነል በተቀየረ ቁጥርም ያ ድራይቨር እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ላፕቶፓችሁ በቂ ቀዳዳ ካለው ተራ አዳፕተር ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ዌይላንድ የተባለው አዲሱ የማሳያ ስርዓት በሚንት 22 ሲናመን ላይ በሙከራ ደረጃ ነው ያለው። መግቢያው ገጽ ላይ ስለሚገኝ መሞከር ትችላላችሁ። እኔ ለሥራ ኤክስ11ን ነው የያዝኩት። በሐምሌ 2024 የወጣው ሚንት 22 እስከ 2029 ድጋፍ አለው፤ እስከዚያ ካርታዎቼን በዚሁ እሠራለሁ።